ለተርኪ አደን፦ ማማ ልውጣ ወይስ ድንኳን ልግባ?

አዲስ አዳኝ፣ ሰኞ ማታ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። ባለፈው ፎል የአደን ትምህርቱን ወስጄ ፈቃድ አወጣሁ። አጋዘን ሞከርኩ፣ ባዶ እጄን ተመለስኩ። አሁን ኤፕሪል ሁለተኛው ቅዳሜ የስፕሪንግ ተርኪ፣ ያ ትልቁ የዱር ወፍ፣ አደኑ ሲከፈት ልወጣ ነው። ፎኪየር ካውንቲ ውስጥ አንድ ገበሬ መሬቱ ላይ እንዳድን ፈቅዶልኛል። የሣር ሜዳው ከኦክ ጫካ ጋር የሚገናኝበት ጥግ አለ። ሁለቴ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ላባም ኩስም ሞልቶበታል።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። ቤታቸውን ሸጠው የሄዱ ጎረቤቴ መሰላል ያለው ስታንድ በነጻ ሰጡኝ። ዛፍ ላይ የሚታሰር ነው፣ ቁመቱ 15 ጫማ፣ አራት ሜትር ተኩል ገደማ። ሌላው አማራጭ መሬት ላይ የሚተከለውን ድንኳን፣ ብላይንድ የሚሉትን፣ መግዛት ነው። ባለቤቴ «በነጻ የተሰጠህ እያለ ምን ልትገዛ ነው?» ብላኛለች። እኔም ከፍ ያለ ሰው ቀድሞ ያያል ብዬ አስባለሁ። ተሳስቻለሁ?

ዝምተኛው፣ ሰኞ ማታ 3፡41

አልተሳሳትክም። ቀድመህ ታየዋለህ። እሱም ያይሃል።

የሼናንዶዋ ጎረምሳ፣ ሰኞ ማታ 4፡05

ዝምተኛው እንደ ልማዱ በአጭሩ ጨርሶታል፣ እኔ ላብራራው።

ስታንድ በዋናነት የአጋዘን ዕቃ ነው። አጋዘን የሚያመልጥህ በአፍንጫው ነው። ከፍ ስትል ጠረንህ ከጭንቅላቱ በላይ ያልፋል፤ እሱም ቀና ብሎ ማየት ብዙም አያበዛም። ተርኪ ደግሞ በማሽተት አይታማም። ነፋሱ በየት በኩል ቢመጣ ግድ የለህም። መከራው ዓይኑ ነው። ዓይኖቹ በግራና በቀኝ ስለተቀመጡ አንገቱን ሳያዞር 300 ዲግሪ ገደማ ያያል። ትንሽ ዞር ካለ ዙሪያውን በሙሉ። ቀለም ይለያል፣ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌትም ያያል። ስለዚህ የአደን ልብስህን ማድመቂያ ባለው ሳሙና አትጠበው።

ሌላም አለ። ጭልፊት፣ ጉጉትና ንስር ከጫጩትነቱ ጀምሮ ሲያሳድዱት የኖረ ወፍ ነው። አደጋ ከላይ እንደሚመጣ ያውቃል። ራሱም ማታ ዛፍ ላይ ነው የሚያድረው፣ ዛፍ ላይ ያለ ነገር ለሱ እንግዳ አይደለም። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኦኩ ገና ቅጠል አላወጣም። አንተ ከሰማዩ ፊት እንደ ጥቁር ጉድፍ ተሰቅለህ ነው የምትታየው። አፍንጫህን ያከክህ እንደሆነ አበቃ።

የዳላሱ፣ ሰኞ ማታ 4፡30

ሁሌ ይህንን ነው የምትሉት። እኔ ቴክሳስ ነኝ፣ ሪዮ ግራንዴ የሚባለውን ዝርያ ነው የማድነው። የማድነውም ከፍ ካለ ቦታ ነው። ሦስት ዓመት፣ ሦስት አውራ። ምን ይሁን ነው የምትሉት?

የሼናንዶዋ ጎረምሳ፣ ሰኞ ማታ 4፡38

የዳላሱ ወንድሜ፣ አንተ የምትቀመጥበት በአራት እግር የቆመ ሣጥን ነው። ግድግዳ አለው፣ ጣሪያ አለው፣ መስኮት አለው። እሱ ድንኳን ነው፣ እግር ያወጣ ድንኳን። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ስለቆመም ወፎቹ እንደ ዛፍ ለምደውታል። አዲስ አዳኝ የተሰጠው ግን ባዶ ወንበር ነው። ከወገብ በታች ምንም የሚሸፍነው የለም።

ደግሞ ፊደሩን፣ በቆሎ የሚበትነውን ዕቃ፣ ረሳኸው። እናንተ ጋ አብዛኛው ካውንቲ ውስጥ በቆሎ በትኖ ተርኪ ማደን ይፈቀዳል። ቨርጂኒያ ውስጥ ክልክል ነው። በቆሎ ላይ ያቀረቀረ ወፍና ሴት ፍለጋ ጫካውን በዓይኑ የሚያበጥር ወፍ አንድ አይደሉም።

የዳላሱ፣ ሰኞ ማታ 4፡44

ፊደሩን ባታነሳው ጥሩ ነበር። ሃሃ።

ጋሽ ግሪሳ፣ ማክሰኞ ንጋት 11፡50

ልጆቼ፣ ስታንድ ስታንድ ስትሉ አደራችሁ። ይኼ የኛ አገር ማማ አይደለም እንዴ? እኔ ልጅ ሆኜ ቆላ ውስጥ ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ነው የምውለው። አራት እንጨት፣ ከላይ ርብራብ፣ እጄ ላይ ወንጭፍ። ግሪሳው እንደ ደመና ሲመጣ ብድግ ብዬ እጮሃለሁ፣ ወንጭፌን አጮሃለሁ። ማማው ከፍ ያለው እኔ ወፉን እንዳይ ብቻ ነው? ወፉም እኔን እንዲያይ ነው እንጂ! ታዲያ ወፍ ለማባረር የምንወጣበትን ነገር እናንተ ወፍ ልትጠሩበት ትወጡበታላችሁ? ቆቅና ጅግራ የሚፈልግ ሰው መሬት ይዞ ያደፍጣል። ተርኪ ማለት ትልቅ ጅግራ ነው፣ ሌላ ምን አለው።

እዚህ ሜሪላንድ ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ስታንድም ድንኳንም ኖሮኝ አያውቅም። ከትከሻዬ የሰፋ ዛፍ እመርጣለሁ፣ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ፣ ዝቅ ያለች መቀመጫ አለችኝ፣ ጠመንጃው ጉልበቴ ላይ። ዛፉ ቅርጼን ይውጠዋል። ከኋላ ሌላ አዳኝ ቢኖርም ይከልለኛል። ግን መንቀሳቀስ የለም። አሁን ጉልበቴ እንቢ ብሎኝ ከአርባ ደቂቃ በላይ አልችልም። አንተ ደግሞ ወጣት ብትሆንም የመጀመሪያ ዓመትህ ነው፤ አርባ ደቂቃ ዝም ብለህ አትቀመጥም፣ አውቃችኋለሁ። ድንኳኑን ግዛ። ባለቤትህን እኔ አስረዳልሃለሁ።

ባለቀስቷ፣ ማክሰኞ ቀን 7፡15

ጋሼ ማማውን እንዲህ አድርገው አይተውት እንደሆነ እንጃ፣ እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እድሜ ይስጥልን።

እኔ ሚኒሶታ ነኝ። ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ስለዚህ ስለ ወፉ ሳይሆን ስለ አዳኙ ልናገር። ከስታንድ የወደቀ ሰው ስንት ጊዜ ተቀብያለሁ መሰላችሁ። አራት ሜትር ተኩል ትንሽ ይመስላል። አከርካሪ ለመስበር ግን ከበቂ በላይ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ብዙዎቹ የሚወድቁት ተቀምጠው ሳይሆን ሲወጡና ሲወርዱ፣ ከመሰላሉ ወደ ወንበሩ ሲሻገሩ ነው። «ቀበቶውን ላይ ስደርስ አስረዋለሁ ብዬ ነው» ይሉሃል።

አዲስ አዳኝ፣ ያንን ስታንድ ለምንም ነገር ብትጠቀምበት፣ ለአጋዘንም ቢሆን፣ መጀመሪያ ማሰሪያዎቹን በሙሉ ጣልና አዲስ ግዛ። ስንት ክረምት ውጭ እንደከረመ አታውቅም። ጸሐይ ማሰሪያን ይበላል፣ ዛፉ ሲወፍር ደግሞ ይወጥረዋል። ከዓይን ምንም አይመስልም፣ ሰው ሲወጣበት ነው የሚበጠሰው። ሙሉ ሰውነት የሚይዘውን ቀበቶ ልበስ፣ እግርህ መሬት ሳይለቅ ከላይ እስከ ታች ዛፉ ላይ ከሚታሰረው የሕይወት ገመድ ጋር አያይዘው። መሣሪያህን ይዘህ አትውጣ። ጥይቱን አውጥተህ በገመድ አስረህ ተወው፣ ተቀምጠህ ከታሰርክ በኋላ ሳበው። ቀበቶው ከያዘህ በኋላም ተንጠልጥሎ መቆየት በራሱ አደጋ ነው፤ ጭንህ ላይ ደም ይታገዳል። እግርህን የምታሳርፍበት ማሰሪያ ኪስህ ውስጥ ይኑር። የት እንደሄድክም ለባለቤትህ ንገራት፣ «ጫካ» ብቻ አይበቃም።

የኔን ምርጫ ከጠየቅከኝ እንደ ስሜ በቀስት ነው የማድነው። ወፉ አሥር ሜትር ላይ ቆሞ ቀስት መሳብ ያለ ድንኳን የማይታሰብ ነው። ክንዴ ሲንቀሳቀስ ጨለማው ይሸፍነኛል።

አዲስ አዳኝ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ባለቤቴ አንብባው «ሽማግሌው እውነት አላቸው፣ ግን ድንኳኑ ስንት ነው?» ብላለች።

አንድ ያልገባኝ ነገር። ዓይኑ እንዲህ ስል ከሆነ ትናንት ያልነበረ ድንኳን ሜዳው ላይ ሲያይ አይደነግጥም?

የሼናንዶዋ ጎረምሳ፣ ማክሰኞ ማታ 3፡10

እኔም መጀመሪያ ያላመንኩት ይህንን ነው። አይደነግጥም። ለአጋዘን ድንኳን ስትተክል ቀድመህ ተክለህ እስኪለምደው መጠበቅ፣ ቅርንጫፍ ማልበስ አለብህ። ተርኪ ግን ማታ ያልነበረውን ድንኳን ጠዋት አይቶ አጠገቡ ሣር ሲለቅም አይቻለሁ፣ ክንፉ ጨርቁን ሊነካ ምንም አልቀረውም። የሚያባርረው እንቅስቃሴ እንጂ ቅርጽ አይደለም። ስለዚህ ጨርቁን ወጥረህ ችካሉን በደንብ ምታ። ነፋስ የሚያርገበግበው ድንኳን ከነጭራሹ ካለመትከል ይብሳል።

ዋናው ስህተት ውስጥ ነው የሚሠራው። የድንኳኑ ውስጥ ጥቁር ነው። ስለዚህ ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ኮፍያ፣ ጥቁር ጓንት ልበስ። ያ የተወደደ ካሞህ፣ ቅጠል መሳዩ ልብስህ፣ ውስጥ ሆኖ ይታያል። የኋላ መስኮቶችን ዝጋ። ከኋላህ ብርሃን ከገባ መጋረጃ ላይ እንደሚታይ ጥላ ትሆናለህ። የፊቱንም ሁሉንም አትክፈት፣ የምትተኩስበትን ብቻ። ጸሐይዋ ከየት እንደምትወጣ ቀድመህ እይ፣ ፊትህ ላይ እንዳታበራ። ከመቀመጥህ በፊት መሬቱ ላይ ያለውን ደረቅ ቅጠል ጥረገው፣ እግርህን ስታንቀሳቅስ ይንኮሻኮሻል፤ ጆሮውም ከዓይኑ የሚያንስ አይደለም።

ዲኮይውን፣ ማታለያውን የውሸት ተርኪ፣ ሃያ ያርድ ላይ አቁም። ሾትገን ከሆነ ከአርባ ያርድ፣ ከ36 ሜትር፣ በላይ አትተኩስ። የሚመታው ጭንቅላትና አንገት ነው። ድንኳን ውስጥ ድምፁ ስለሚያስተጋባ የጆሮ መከላከያ አድርግ። እኔ አንድ ጊዜ ረስቼው ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ሲጮህ ነው የዋለው።

ዝምተኛው፣ ማክሰኞ ማታ 3፡25

ድንኳን ደንቆሮ ያደርጋል ጭምር። አውራው ሲጮህ በየት በኩል እንደሆነ አትለይም። እንቅልፍም ይወስዳል።

የሼናንዶዋ ጎረምሳ፣ ማክሰኞ ማታ 3፡31

እውነት ነው። ወፉ ሲሸሽ ተከትለህ ቦታ መቀየርም የለም። ድንኳን የሚያዋጣው ቦታውን ካጠናህ ብቻ ነው። ካላጠናህ ጨለማ ሣጥን ውስጥ ቁርስ የበላህ ሰው ነህ።

ለዚህ ነው ስታንዱን አትጣለው የምልህ። ከመከፈቱ በፊት ባሉት ምሽቶች ጸሐይ ልትገባ ስትል ባለቀስቷ እንዳለችው ታስረህ ውጣና የት ዛፍ ላይ እንደሚያድሩ እይ፣ አድምጥ። በማግሥቱ ሌሊት ድንኳንህን ከዚያ ዛፍ መቶ ሜትር ያህል ርቀህ ትተክላለህ። ለማየት ማማ፣ ለማደን መሬት።

ጋሽ ግሪሳ፣ ረቡዕ ንጋት 12፡05

አሁን ደህና አልክ።

ይህ ወፍ ቀልድ አይደለም። ባለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። መጀመሪያ በግቢ እያረቡ ወደ ጫካ ለቀቁት፣ አልኖረም፣ አውሬ ጨረሰው። ከዚያ የዱሩን በሮኬት በሚወረወር መረብ እየያዙ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ጀመሩ። እሱ ኖረ፣ ተባዛም። የተርኪው ብሔራዊ ፌዴሬሽንም የተመሠረተው እዚያው አንተ አጠገብ ፍሬድሪክስበርግ ነው፣ በ1973። እንግዲህ ዛሬ ጫካ ውስጥ የምታገኘው ያ ብልጡ የዘራው ዘር ነው፤ የግቢው አይደለም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። የአውራው ጭንቅላት ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው። አንተ ላይ እነዚህ ቀለሞች እንዳይታዩ። ነጭ ካልሲ እንኳ አታድርግ። እንዳይበርድህ ብላ ሚስትህ ጋቢ ብትሰጥህ መኪና ውስጥ ተወው። የተርኪ ድምፅ ሰምተህ ወደ ድምፁ አትሳብ፣ ያ ድምፅ ሌላ አዳኝ ሊሆን ይችላል። ሰው ሲመጣ ካየህ እጅህን አታወዛውዝ፣ ተቀምጠህ ጮክ ብለህ ተናገር። ድንኳኑ አናት ላይ ብርቱካንማ ጨርቅ እሰር። ዲኮይህንም የገደልከውንም ሸፍነህ ተሸከም። ስትመለስ መዥገር ፈልግ፣ መሬት የተቀመጠ ሰው አያመልጣትም።

አዲስ አዳኝ፣ ቅዳሜ ቀን 8፡40

የመክፈቻው ቀን ዛሬ ነበር። አትቆጡኝ። ስታንዱን ወጣሁበት።

ድንኳኑ በፖስታ ገና አልደረሰም ነበር፣ ቀኑን ማሳለፍ ደግሞ አልቻልኩም። ማሰሪያውን ቀይሬ፣ ቀበቶ ለብሼ፣ በጨለማ ወጣሁ። ሰማዩ ግራጫ ሲሆን አንዱ አውራ ጮኸ። ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ። ሦስቴ ጮኸ፣ ከዚያ ክንፍ ሲያጨበጭብ ሰማሁ፣ ወረዱ። በዛፎቹ መሃል ስልሳ ሜትር ላይ አየሁት፣ ጅራቱን ዘርግቶ እየተንጎማለለ ነው። መጥሪያዬን ላነሳ እጄን ከጭኔ ላይ በቀስታ አንቀሳቀስኩ።

አንዲት ሴት ተርኪ ከእግሬ ሥር ቆማ ኖሯል። መቼ እንደመጣች አላውቅም። አንገቷን ወደ ጎን አዘነበለችና በአንድ ዓይኗ ቀጥ ብላ አየችኝ። ጥቁር፣ እርጥብ፣ እንደ ባቄላ የምታክል ዓይን። ዓይኗን አላርገበገበችም። ከዚያ «ፐት» አለች። አንድ ቃል ብቻ። ዞር ስል ሜዳው ባዶ ነው።

ነገ ሆሳዕና ነው፣ ቅዳሴ አለብኝ። ከፋሲካ በኋላ እንገናኝ።

ጋሽ ግሪሳ፣ ቅዳሜ ቀን 9፡15

ወንጭፍ ብቻ ነው የጎደለህ። ሰብሉን በደንብ ጠብቀሃል።

ባለቀስቷ፣ ቅዳሜ ማታ 1፡00

ታስሮ መውጣቱ ብቻ ለኔ ይበቃኛል። መልካም በዓል ለሁላችሁ።

አዲስ አዳኝ፣ ቅዳሜ ቀን 7፡10፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ። ሌሊት ዘንቦ ነበር። ጨርቁ ላይ ጠብታው እየተንኳኳ ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። ዝምተኛው እውነቱን ነው፣ አንዴ አሸልቤ ነቅቻለሁ። ጥቁር ሹራብ ለብሼ፣ የኋላውን ዘግቼ፣ ቅጠሉን ጠርጌ። ሻይ ሁሉ ጠጣሁ፣ ከፔርሙዝ። ስታንድ ላይ ብሆን ያ ሁሉ መንቀሳቀስ ስንት ዓይን ያይ ነበር።

ከዚያ ያለ ምንም ድምፅ ሁለት ጎረምሶች፣ ገና ወጣት የሆኑ አውራዎች፣ ከጫካው ወጡ። ጢማቸው አጭር፣ ጣት የምታክል። አንደኛው ቀጥ ብሎ ወደ ዲኮይው ሄዶ ሊደባደባት ፈለገ። ጠመንጃዬን አነሳሁ፣ ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩ፣ ሁሉንም አደረግሁ፣ አላየኝም። ሃያ ሁለት እርምጃ ላይ ነበር። ተኮስኩ። ክንፉን እያራገበ ሳለ ደርሼ በስመ አብ አልኩ። በስልኬ አስመዘገብኩት። ሰባት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

የዳላሱ፣ ቅዳሜ ቀን 7፡22

እንኳን ደስ ያለህ! ሼናንዶዋ፣ ጎረምሳ ተገደለ ሲባል ደንግጬልህ ነበር።

የሼናንዶዋ ጎረምሳ፣ ቅዳሜ ቀን 7፡30

ሃሃ። በሕይወት አለሁ። ድንኳኑን ዛሬውኑ ዘርግተህ አድርቀው፣ እርጥቡን ካጠፍከው በሚቀጥለው ዓመት ሻጋታ ነው የምታወጣው።

አዲስ አዳኝ፣ ቅዳሜ ቀን 7፡41

ጋራዥ ውስጥ ተዘርግቷል። ባለቤቴ ደግሞ ሽንኩርት መክተፍ ጀምራለች። የጭኑ ሥጋ ግን እንደ ገመድ ነው፣ ጅማት ብቻ። ምን ይደረጋል?

ጋሽ ግሪሳ፣ ቅዳሜ ቀን 8፡02

ደረቱን ለጥብስ አድርጉት፣ ቶሎ ነው የሚበስለው፣ አታድርቁት። ጭንና እግሩን ለብቻው በትንሽ እሳት ሦስት ሰዓት አብስሉት፣ ጅማቱ በእጅ ይወጣል። ከዚያ ቁሌቱ ውስጥ ጨምሩት። ወጡን የሚያጣፍጠው እሱ ነው፣ እንዳትጥሉት።

ዝምተኛው፣ ቅዳሜ ቀን 8፡10

ስታንዱን ትሸጠዋለህ? ለአጋዘን እፈልገዋለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ መጥቼ እወስዳለሁ።

አዲስ አዳኝ፣ ቅዳሜ ቀን 8፡18

ለማየት እፈልገው ነበር፣ ግን ከመኪናዬ ጣሪያ ላይ ማውረድ ሰልችቶኛል። በነጻ መጣ፣ በነጻ ውሰደው። አዲሶቹን ማሰሪያዎች ግን አልሰጥህም፣ የራስህን ግዛ።